መሸነፍን የተለማመድንበት አዳራሽ

ባለፈው ሰሞን ዓባይ ማዶ ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ልጆች የፒንፖንግ ጠረጴዛ አቁመው ሲጫወቱ ደረስሁ። ኳሷ እንጨቱን ስትነካ የምታሰማት ደረቅ ድምፅ አለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ያቺ ድምፅ ጆሮዬ ስትገባ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሻጯ፣ «እማማ፣ ላድርግልዎ ወይስ ይተዉታል?» ትለኛለች። እኔ የት አለሁና! ሐይቁ ዳር፣ የእርጥብ ደንገልና የትኩስ ዳቦ ሽታ የተቀላቀለበት አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ገና ኮረዳ ነኝ፤ ከኋላዬ አንድ ልጅ ተቀምጦ ክራር ይቃኛል።

ቲማቲሙን ሳልገዛ ተመለስሁ። ስመጣ ዓይኔ ቀልቶ ምን ሆነሻል ያልሽኝ ለዚህ ነው። እንግዲህ ከጠየቅሽኝ ቁጭ በይ፣ ልጄ።

ሰፈራችን የፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር ነበር። አባቴ ከደሴ መጥቶ ሽመና ክፍል የገባ ሰው ነው፤ በፈረቃ ይሠራል። ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ጧት ሲገባ ቀን መተኛት አለበት፤ ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል ናት። እናቴ በሩን ትከፍትና፣ «ውጡልኝ! አባታችሁ ሊተኛ ነው» ትላለች። የጎረቤት እናትም እንደዚያው። የፋብሪካ ልጅ ሁሉ አባቱ እስኪነቃ የሚገባበት አልነበረውም። ተቀብሎ ያሳደገን ሐይቁ ዳር የነበረው የወጣቶች ቤት ነው። እኛ ሌላ ስም አንሰጠውም፣ «ቤቱ» ነበር የምንለው።

ጃንሆይ ሳሉ በጎ አድራጊዎች ለከተማው ወጣት ያሠሩት ረጅም ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ፀሐይ ሲመታው ጠሽ ጠሽ ይላል። ፒንፖንግ አለ፣ ዳማ አለ፣ ከደጅ መረብ ኳስ አለ። ሴቶቹ ስፌት እንማራለን። በትምህርት የደከመ ያስጠኑታል። ከገጠር ለትምህርት መጥቶ ዘመድ ለሌለው ተማሪ ከጓሮ ማደሪያ አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን ዳቦና ሻይ ይታደላል። የቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ይቆሙና፣ «አንገት!» ይላሉ። እኛ አንገታችንን እንደ ሐይቁ ይብራ አስግገን እናሳያለን። ያልታጠበ አንገት ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ ታጥቦ ሲመጣ ዳቦው ይጠብቀዋል። ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ። ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው፣ ድምፃቸው ብቻ የሚያስፈራ ሰው ነበሩ። አንድም ልጅ ዳቦ ሳይበላ ሲሄድ አላየሁም።

አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ለቀበሌ ተሰጠ። ግድግዳው ቀይ ተቀባ፤ ባለጢም ፈረንጆች ተሰቀሉበት። የመጻሕፍት ክፍሉን አንድ ቀን መኪና አቁመው ጫኑት። ኃላፊውን ግን ለምን እንደሆነ እንጃ አልነኳቸውም። «ጓድ» ሲሏቸው፣ «አቤት» ይላሉ፤ ዳቦውም በሰዓቱ ይወጣል። ዛሬ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል አሉ፤ እኔ ግን በዚያ በኩል አላልፍም።

በኋላ ጦርነቱ በረታ፤ አፈሳ መጣ። እንጨት ላስፈልጥ ብሎ የወጣ ወንድ ልጅ በዚያው ይቀራል። እናት የልጇን ሹራብ ይዛ ከቀበሌ ቀበሌ ትዞራለች፤ ሹራቡን የሚቀበላት እንኳ አታገኝም። ከሰፈራችን ስንቱ እንደዚያ ሄደ መሰለሽ! ማታ ማታ የወንዶች ልጆች እናቶች በር ላይ ተቀምጠው፣ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንድ ላይ ብድግ ይላሉ።

የቤቱ የኪነት ቡድን አባል የሆነ ልጅ ግን አይታፈስም ነበር። ለአብዮቱ ይዘፍናላ! ኃላፊው ይህን ሲያውቁ ድምፅ ያለውንም የሌለውንም ወንድ ልጅ ሰብስበው ኪነት ውስጥ ከተቱት። ወይ ጉድ! ቁራ የመሰለ ድምፅ ያለው ሁሉ ከኋላ ተደርድሮ አፉን ይከፍታል። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ፣ «ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ቢላቸው፣ «ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ነው የሚዘፍነው» አሉት። የነዚያ ልጆች እናቶች በዚያች አፍ መክፈት ነበር እንቅልፍ የሚያገኙት።

መሪ ዘፋኟ እኔ ነበርሁ። ክራር የሚመታው ደግሞ የዘጌ ልጅ ነው፤ ማደሪያው ውስጥ ይኖራል። አባቱ ገዳም የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ጾመ ድጓውን አስዘልቀው ሲያበቁ፣ «የዘመኑንም ትምህርት ይየው» ብለው ሰደዱት። ልጁ ግን ከመጣ በኋላ ከኃላፊው ግድግዳ ላይ አንድ ክራር ተሰቅሎ አገኘና በዚያው ተለከፈ። «አባቴ ዘፈን እንደያዝሁ ቢሰማ ታንኳ አይጠብቅም፣ ሐይቁን በእግሩ ነው የሚያቋርጠው» እያለ ይስቃል።

እንዴት ያለ አናዳጅ ልጅ መሰለሽ! ልብስ እያጠብሁ ላንጎራጉር አልችልም፤ አንዲት ቦታ ስስት ከአዳራሹ ውስጥ ሆኖ አቃንቶ ይመልስልኛል። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ውሃው እግራችንን እየነካ፣ «አንተ ማን አድርጎህ ነው የሰው ዜማ የምታርመው?» አልሁት። ያን ጊዜ አልሳቀም። «እኛ ቤት እንዲህ ነው። ማኅሌት ቆመህ ከጎንህ ያለው ሰው ዜማ ሲሰበርበት አትስቅም፣ አታየውምም። ብድግ አድርገህ ታነሳለታለህ፤ እሱ በዚያው ይገባል። ዝም ያለ ሰው ከሰበረው ይብሳል» አለኝ። ወድጄው ነበር፤ ምን ልደብቅሽ። ነግሬው ግን አላውቅም።

ከዚያ ያ ወሬ መጣ። የዘንድሮውን የኪነት ውድድር ያሸነፈ ቡድን ሰሜን ዘምቶ ሠራዊቱን ያዝናናል ተባለ። ባለፈው ዓመት ያሸነፉት የሌላ ከተማ ልጆች ሄደው ነበር። የተመለሰው ጥቂቱ ነው፤ የተመለሰውም ስለ ቀረው አያወራም። ወጥመዱን እይው እንግዲህ። ከኪነት ብንወጣ ወንዶቹ ይታፈሳሉ። በኪነት ብናሸንፍ ሁላችንም እንሄዳለን። እኛ ደግሞ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ የከተማው ጎበዞች ነበርን።

ኃላፊው አንድ ቀን ከዳቦ በኋላ መስኮቱን ሁሉ አስዘጉ። ሙቀቱ ያፍናል፤ የሰው ላብና የናፍጣ መብራት ሽታ አንድ ላይ ይሸታል። «ልጆቼ፣ አንዘፍንም ማለት አይቻልም፤ ያስጨርሰናል። መሸነፍን ግን የከለከለ አዋጅ እስካሁን አልሰማሁም» አሉ። ጣታቸውንም አነሱ። «ታዲያ በመጠኑ! በጣም ከተበላሸ አሻጥር ነው ይሉታል። እኔ የምፈልገው ሦስተኛ እንድትወጡልኝ ነው።»

መሸነፍን መለማመድ ጀመርን። ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ጥሩ አድርጎ ማበላሸት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከበሮ መቺው ትንሽ ይዘገያል። እስክስታ ወራጆቹ ሲዞሩ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ። ዋናው ግን የኔ ነበር፦ ሁለተኛው አዝማች ላይ ዜማው ከፍ ብሎ ሲወጣ፣ እኔ ድምፄን ወደ ታች ጥዬ እሰብረዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰበርሁት። ገና ከአፌ ሳይወጣ ያ የመሪጌታ ልጅ ከኋላዬ ብድግ አድርጎ አቃናው! ሁላችንም ዞረን አየነው። እሱም ደነገጠ። ኃላፊው፣ «ዝም አይነቅዝም ልጄ፤ አንተ ክራርህን ብቻ ምታ» አሉት። በማግስቱም ያው። በኋላ ዘዴ አገኘ፤ ያቺ ቦታ ስትደርስ የሸሚዙን ኮሌታ ይነክሳል። ዓይኑን ጨፍኖ ኮሌታውን ነክሶ ሲቀመጥ ጥርሱን የሚነቅሉት ሰው ይመስል ነበር። እኛ በሳቅ እንሞታለን። ቻለው ግን፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ዝም ማለት ችሎ ነበር።

የውድድሩ ቀን የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በጣሪያው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ አቧራውን ያበራዋል። ባለሥልጣናቱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ከሰሜን የመጣ አንድ መኮንን አለ። እናቶቻችን ከኋላ ቆመዋል። እናት ልጇ ትሸነፍ ዘንድ ስትጸልይ አይተሽ ታውቂያለሽ? ልንወጣ ስንል ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣና አዲስ ልብስ አደለን። መፈክር የተጻፈበት ከነቴራ ነው፤ አንገቱ ክብ፣ ኮሌታ የለውም። ያን ጊዜ ማናችንም ልብ አላልነውም።

ወጣን። የመጀመሪያውን አዝማች ደህና አድርጌ ዘፈንሁ። ከበሮው ትንሽ ዘገየ፤ እስክስታው ተነካካ፤ ሁሉ ነገር እንደተለማመድነው ነው። ሁለተኛው አዝማች ደረሰ። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ እኔ ለቅቄ ጣልሁት። አዳራሹ ፀጥ አለ። ከወደ ኋላ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። በሆዴ፣ «ተመስገን፣ አለቀ» አልሁ።

ከጀርባዬ ያ ድምፅ ተነሳ።

እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። የጣልሁትን ከመሬት ሳይደርስ ተቀብሎ ከነበረበት በላይ ይዞት ወጣ። ከበሮ መቺው እጁ ሳያውቀው ገባለት። ከኋላ ተደርድረው አፋቸውን ብቻ የሚከፍቱት ሁሉ ድምፅ አወጡ። እኔስ? እኔም ተከተልሁት! ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ። ኃላፊው ከመጋረጃው ጥግ እጃቸውን እያራገቡ፣ «ዝም! ዝም!» ይላሉ፤ ማን ይሰማል? ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቷል፤ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነው። በሕይወታችን እንደዚያ ቀን አምሮልን ዘፍነን አናውቅም። እናቶቻችን ብቻ አላጨበጨቡም።

አሸነፍን። መኮንኑ መድረክ ላይ ወጥቶ ጨበጠን። ሰላማዊ ፊት ነበረው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። «ከበሮውና እስክስታው እኛም ጋ ሞልቷል። ያጣነው ድምፅ ነው። ይኼን ልጅ ስጡኝ» አለ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ልጅቷስ?» አለው። መኮንኑ አየት አደረገኝና፣ «ልጅቷ ትቅር። ድምፅዋ ይሰበራል» አለ።

እናቴ ይህን ስትሰማ እዚያው አዳራሹ ወለል ላይ ተደፍታ መሬት ሳመች። ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። የሌላ ሰው ልጅ ቆሞ እያያት እኮ ነው!

ሲመሽ ድንጋዩ ላይ አገኘሁት። ሐይቁ ጠቁሯል። «ምን ሆነህ ነው? ምን ነክቶህ ነው?» ብዬ ጮህሁበት። የከነቴራውን ክብ አንገት እየነካካ፣ «አላወቅሁም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?» አለና ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። «ደደብ!» አልሁት። ልለው ከፈለግሁት ሁሉ በፊት የወጣኝ እሱ ነው። ከድንጋዩ ሲነሳ፣ «ለአባቴ እንዳትነግሩብኝ። ትምህርት ላይ ነው በሉልኝ፤ እኔ ስመለስ እነግረዋለሁ» አለኝ። እሺ አልሁት። እስከዛሬ እናደድበታለሁ፣ ታምኚኛለሽ? አንዳንዴ ብቻዬን ወጥ እየሠራሁ፣ «ኮሌታ ባይኖር እጅህን አትነክስም ነበር?» እለዋለሁ።

መኪናው ጧት ነው የመጣ። ቤቱ በር ላይ ቆመን ሸኘነው። ኃላፊው እንደ ወትሯቸው ተኮሳትረው፣ «አንገት!» አሉት። አንገቱን አሰገገላቸው። የራሳቸውን ፎጣ ከአንገታቸው አውልቀው ጠመጠሙለትና፣ «ሰሜን ብርድ ነው» አሉ። ሌላ ነገር ሊናገሩ ፈልገው ነበር፤ ፎጣውን ደግመው አጠበቁለትና ተዉት። መኪናው ሲሄድ እጁን ሲያውለበልብ አየሁት፤ እኔ አላውለበለብሁም። አኩርፌ ነበራ።

አንድ ቀን ዳቦ ሲታደል ከግንባር የሚተላለፍ ዝግጅት በሬዲዮ መጣና ድምፁን ሰማነው። ዳቦ የያዘ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ምንም አልሰማንም። መስከረም አልፎ አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ ኃላፊውን ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። መንገድ ላይ የዘፋኞቹ መኪና ተመትታ፣ ከውስጧ የተረፈ እንደሌለ ነገራቸው። ሲመለሱ እኛን አላዩንም። ወደ ማደሪያው ገብተው የልጁን አልጋ ሲያነጥፉ አየሁ። የተነጠፈ አልጋ ነበር።

መሪጌታው በኅዳር መጡ። በታንኳ ነው ከዘጌ የተሻገሩት፤ የልብሳቸው ጫፍ ረጥቧል። ለልጃቸው ድርቆሽ በስልቻ ይዘዋል። «ፈተና በዛበት መሰለኝ፤ ድምፁ ሲጠፋብኝ ራሴ መጣሁ» አሉ በሩ ላይ። ኃላፊው እጅ ነስተው ወደ አዳራሹ አስገቧቸው፤ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ክራሩንም፣ ውድድሩንም፣ መኪናዋንም። እኔ ስፌት መኪናው ጥግ ቆሜአለሁ። ስለ ዘፈኑ ይቆጣሉ፣ ኃላፊውን ይረግሟቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ቀሩ። የሐይቁ ውሃ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል።

ቀና ብለው፣ «ከልጄ ጋር የዘፈነች ማናት?» አሉ። ኃላፊው አመለከቱኝ።

«ቅረቢ ልጄ። ዜማው የት ላይ ነው የተሰበረ?»

«ሁለተኛው አዝማች ላይ ነው፣ የኔታ።»

«እስቲ በይው።»

«ዘፈን ነው እኮ፣ የኔታ...»

«ኃጢአቱ በእኔ። እንደ ሰበርሽው አድርገሽ በይው።»

ጀመርሁት። ያቺ ቦታ ደረስሁና ድምፄን ጣልሁት። ሳልጨርስ የሽማግሌው አፍ ተከፈተ። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ብድግ አድርገው አነሱት፤ ልጃቸው ባነሳበት ቦታ፣ ልጃቸው ባነሳበት መንገድ። ያን ዘፈን ከዚያ በፊት በዕድሜያቸው ሰምተውት አያውቁም እኮ! ከዚያ ድምፃቸውን ራሳቸው ሰሙትና ቀጥ አሉ። ኃላፊው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንዲህ ነው ያነሳው?» አሉኝ።

«እንዲህ ነው፣ የኔታ።»

«እኔ ነኝ ያስተማርሁት» አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው አፋቸው ላይ አደረጉና በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ድገሚው።

ደገምሁት። ቦታው ሲደርስ እንደገና ሰበርሁት። በዚህኛው ጊዜ እሳቸው አላነሱትም። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ማደሪያው በር ያያሉ። እኔም ወደዚያው አየሁ። ጠበቅን። ማንም አላነሳውም።